ተጨማሪ መረጃ፦ ካይዘን በመንግሥት ሆስፒታል

በስሪላንካ ኮሎምቦ የሚገኘው ካስል ስትሪት የሴቶች ሆስፒታል የመንግሥት ተቋም ነው። በጃፓን ፋብሪካዎች የዳበረውን ካይዘን የተባለ የማያቋርጥ ማሻሻያ ዘዴ ለሕክምና አገልግሎት በማዋል ይታወቃል። የጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት (ጃይካ) ይህን ተሞክሮ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአፍሪካ አገሮች አስተዋውቋል።

አሠራሩ ሦስት ደረጃዎች አሉት፦

1. አምስቱ «ማ»ዎች፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። የማያገለግል ዕቃ ከክፍሉ ይወጣል፤ መድኃኒትና የሕሙማን ካርድ ተለይቶ በታወቀ ቦታ ይቀመጣል።
2. ካይዘን፦ ነርሶች፣ የካርድ ክፍልና የጽዳት ሠራተኞች በቡድን ሆነው የችግሩን ምክንያት ይፈትሻሉ፤ መፍትሔውንም በሥራ ላይ ይሞክራሉ።
3. ሁለንተናዊ የጥራት ሥራ አመራር፦ ማሻሻሉ የመላው ተቋም የዘወትር ሥራ ይሆናል።

ከአምስቱ «ማ»ዎች ብዙውን ጊዜ የሚከብደው ማዝለቅ ነው፤ የሠራተኛው ቁርጠኝነት የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው። ሜየርና አለን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1991 እ.ኤ.አ. ቁርጠኝነትን በሦስት ከፍለውታል፦ ተቋሙን ከመውደድ የሚመነጭ፣ ከግዴታ ስሜት የሚመነጭ፣ እንዲሁም ሥራ መልቀቅ ከሚያስከትለው ጉዳት የሚመነጭ። በሦስተኛው ምክንያት ብቻ የቆየ ሠራተኛ ሰዓቱን አክብሮ ይገባ ይሆናል፤ የተሻለ አሠራር ለማፍለቅ ግን እምብዛም አይነሣሣም። ስለዚህ ኃላፊዎች የሠራተኛውን ሐሳብ መስማት፣ ጓንትና ሳሙና የመሳሰሉ አስፈላጊ ግብዓቶችን ማሟላትና ጥረቱን በይፋ ማመስገን ይጠበቅባቸዋል።

ተወያዩ፦ በአካባቢያችሁ ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ወረፋን ለማሳጠር ከየትኛው «ማ» ትጀምራላችሁ? ለምን?