የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ስለ መምረጥ

በብዙ ክርስቲያን ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከቅዱሳት ሥዕላት ዝቅ ብሎ፣ የአያትና የቅድመ አያት ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ይታያል። ወረቀቱ ቢደበዝዝም፣ ልጆች በሕይወት ያልደረሱባቸውን አባቶቻቸውን በመልክ የሚያውቁት በእርሱ ነው። ስለዚህ ፎቶግራፍ ለቤተ ሰብ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የመታሰቢያ መዝገብ ነው። በዘመናችን ይህ መዝገብ የሚጻፍበት መሣሪያ ዲጂታል ካሜራ ሆኗል፤ አሠራሩን ሳይመረምሩ ገንዘብ ማውጣት ግን ጸጸት እንደሚያስከትል እኛው ራሳችን አይተነዋል። አንባብያን ከእኛ ስሕተት እንዲማሩ በማሰብ፣ የመጀመሪያ ካሜራውን ሊገዛ የተነሣ ሰው ማወቅ የሚገባውን ልንገልጽ እንወዳለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሴት ልጃችን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ልትነሣ ስትል፣ ከዕቁብ የደረሰንን ገንዘብ ይዘን ካሜራ ልንገዛ ወጣን። ሻጩ አንዱን አንሥቶ «ይህ 20 ሜጋፒክስል ነው» ባለን ጊዜ፣ ቁጥሩ የበዛው ይበልጣል ብለን፣ ሌላ ሳንጠይቅ በኪስ የሚገባ ትንሽ ካሜራ ገዛን። በደጅ በፀሐይ ስንሞክረው መልካም ሥዕል ሰጠን። ክርስትናው ግን የተፈጸመው በማለዳ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር፤ ብርሃኑም ከጠባብ መስኮትና ከጧፍ የሚገኘው ብቻ ነበር። በሥርዓተ ጸሎት መካከል ፍላሽ ማብራት ነውር መሆኑን ስለምናውቅ አጠፋነው። ከቤት ገብተን ሥዕሎቹን ስንመለከት፣ ፊቱ ሁሉ አሸዋ የተነሰነሰበት መስሎ፣ የተንቀሳቀሰውም ሁሉ እንደ ጢስ ተበትኖ አገኘነው። ከሁሉ ይልቅ የተበላሸው እናታችን የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው የቆሙበት ሥዕል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት እናታችን ዐረፉ። ሁለቱን በአንድነት የሚያሳይ ሌላ ሥዕል የለንም።

ጥፋቱ የእኛ እንጂ የሻጩ አልነበረም፤ ልንጠይቅ የሚገባንን አናውቅም ነበርና።

ሴንሰር ምንድን ነው?

በቀድሞው ካሜራ ብርሃን የሚያርፈው በፊልም ላይ ነበር። በዲጂታል ካሜራ ግን በፊልሙ ቦታ ከሲሊኮን የተሠራ፣ ሴንሰር የተባለ ትንሽ ገበታ ተቀምጧል። የዚህ ጥበብ መሠረት የተጣለው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. ነው፤ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ ሲ ሲ ዲ የተባለውን ሴንሰር ፈለሰፉ፤ ስለዚህም ሥራቸው በ2009 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆኑ። በ1975 ዓ.ም. ደግሞ የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሶን የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ ሠራ። ክብደቱ 3.6 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን፣ ሥዕሉ 10,000 ነጥብ ብቻ ነበረው፤ አንዱንም ሥዕል በካሴት ላይ ለመመዝገብ 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። በ1990ዎቹ ዓመታት ኤሪክ ፎሰምና ባልደረቦቹ በናሳ የጄት ግፊት ላቦራቶሪ ያሻሻሉት ሲሞስ የተባለው ሴንሰር፣ ኤሌክትሪክን በመቆጠቡ ምክንያት ዛሬ በካሜራውም በእጅ ስልኩም ሠልጥኖ ይገኛል።

አሠራሩን በምሳሌ እንግለጸው። በክረምት ዝናብ ሲመጣ በግቢ ውስጥ ገንቦዎች በረድፍ ተደርድረው ውኃ እንደሚቀበሉ፣ በሴንሰሩም ላይ ፒክስል የሚባሉ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ብርሃን ተቀባዮች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ላይ የወደቀው ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክነት ይለወጣል፤ ካሜራውም የእያንዳንዱን መጠን ለክቶ በቍጥር ይጽፈዋል። ብርሃን የበዛበት ነጥብ ነጭ፣ ያነሰበት ጥቁር ይሆናል። ይሁን እንጂ ተቀባዩ የብርሃንን ብዛት እንጂ ቀለሙን አይለይም። ስለዚህ ብራይስ ቤየር የተባለው የኮዳክ ሊቅ በ1976 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ባገኘበት ብልሃት መሠረት፣ በየተቀባዩ ላይ የቀለም ማጣሪያ ይደረጋል፤ ከነጥቦቹ ግማሹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ ይቀበላል። አረንጓዴው የበዛውም የሰው ዐይን ይህን ብርሃን ይበልጥ ስለሚለይ ነው። የቀረውን ካሜራው ከጎረቤት ነጥቦች አስልቶ ይሞላዋል።

ብዛት ወይስ ስፋት?

እኛን ያሳሳተን ይህ ነው። በትንሽ ግቢ 20 ሚሊዮን ገንቦ ለማስቀመጥ የፈለገ ሰው አፋቸውን ማጥበብ ግድ ይሆንበታል። ዝናቡ ሲበረታ ጠባቡም ይሞላል፤ ካፊያ ብቻ ሲሆን ግን በጠባቡ ውስጥ የሚገባው ጥቂት ጠብታ ነው። የገዛነው ዓይነት የኪስ ካሜራ ሴንሰሩ 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ለጀማሪ በሚሠሩት ባለ መስተዋት ካሜራዎች ያለው ኤ ፒ ኤስ ሲ የተባለው ሴንሰር ግን በኒኮን 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይህም በስፋቱ የዚያ 13 እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ፉል ፍሬም የተባለው 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዋጋውም ክብደቱም የዚያኑ ያህል ስለሚጨምር ለጀማሪ ቤተ ሰብ የግድ አስፈላጊ ነው አንልም።

አይ ኤስ ኦ የሚባለውን ቍጥር ከፍ በማድረግ ጨለማን ማሸነፍ ይቻላል የሚሉ አሉ። ነገር ግን ይህ ቍጥር ብርሃንን አይጨምርም፤ የተቀበሉትን ያጐላል እንጂ። ድምፁ የሰለለ ዲያቆን ሲያነብ ማይክሮፎኑን እጅግ ከፍ ብናደርገው፣ ንባቡ ብቻ ሳይሆን የማይክሮፎኑ ሽሽታ ጭምር ከፍ ይላል። በሥዕላችን ላይ እንደ አሸዋ የታየን ይህን የመሰለው ነው።

የነጥብ ብዛት ምን ያህል ይበቃል ለሚለን ሰው ሒሳቡ ቀላል ነው። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነው የአልበም ፎቶግራፍ በጥሩ ሁኔታ እንዲታተም ከ2 ሚሊዮን ጥቂት ያለፈ ነጥብ ይበቃዋል። 6 ሚሊዮን ነጥብ 25 በ17 ሳንቲ ሜትር፣ 24 ሚሊዮን ነጥብ 51 በ34 ሳንቲ ሜትር ለሚያህል ኅትመት ይሆናል። እንግዲህ ከ24 በላይ ለሆነ ቍጥር ገንዘብ መጨመር ለአብዛኛው ቤት ትርፍ የለውም።

ባለ መስተዋቱ ካሜራ

ዲጂታል ኤስ ኤል አር የሚባለው ካሜራ በአንድ ሌንስ የሚያይና የሚያነሣ ነው። በሌንሱ የገባው ብርሃን በመስተዋት ላይ አርፎ፣ ወደ ላይ ተመልሶ፣ በላይ ባሉት መስተዋቶች ወይም በመስተዋት ድንጋይ በኩል ወደ ዐይናችን ይደርሳል። ቍልፉን ስንጫን መስተዋቱ ይነሣል፤ ሻተር የተባለው መጋረጃ ይከፈታል፤ ብርሃኑም በሴንሰሩ ላይ ያርፋል። ሌንሱን ነቅሎ ሌላ መተካት መቻሉም ዋና ጥቅሙ ነው። በ1991 ዓ.ም. ኮዳክ በኒኮን ኤፍ 3 ካሜራ ላይ 1.3 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ሴንሰር ገጥሞ ለገበያ አቀረበ፤ ይህም ዋጋው ከተራ ሰው አቅም እጅግ የራቀ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ካኖን 300ዲ የተባለው በአሜሪካ ከ1,000 ዶላር በታች ሲሸጥ ግን መሣሪያው ወደ ቤተ ሰብ ደጅ ቀረበ።

ዛሬ ፋብሪካዎች በአብዛኛው የሚደክሙት መስተዋት ለሌለው ካሜራ ነው። ስለ ሴንሰርና ስለ ሌንስ የተናገርነው ሁሉ ለእርሱም ይሠራል። በዚሁ ምክንያት ግን ያገለገለ ባለ መስተዋት ካሜራ በመጠነኛ ዋጋ ይገኛልና፣ አቅሙ ውሱን ለሆነ ጀማሪ መልካም አጋጣሚ ነው።

ከካሜራው ይልቅ ሌንሱ

ገንዘቡን በሙሉ በካሜራው ላይ የሚያፈስ ሰው ሌላ ስሕተት ይሠራል። አብሮ የሚሸጠው ሌንስ ብዙ ጊዜ ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሚባለው ነው፤ በቅርብና በሩቅ ለማንሣት ይመቻል፤ የብርሃን መግቢያው ግን ጠባብ ነው። የመግቢያው ስፋት የሚነገረው ኤፍ በሚባል ቍጥር ሲሆን፣ ቍጥሩ ሲያንስ መግቢያው ይሰፋል። ይህ ሌንስ ወደ 55 ሚሊ ሜትር ሲዘረጋ ኤፍ 5.6 ነው። ባለ 50 ሚሊ ሜትሩ ኤፍ 1.8 ሌንስ ግን የዚያን 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በአንደኛው የሴኮንድን አንድ ዐሥረኛ ያህል መቆየት የሚያሻው ሥዕል፣ በሁለተኛው የሴኮንድ አንድ መቶኛ ገደማ ይበቃዋል። የሕፃን እጅ በአንድ ዐሥረኛ ውስጥ ብዙ ይጓዛል፤ በአንድ መቶኛ ውስጥ ግን የቆመ ያህል ነው። የእናታችን ሥዕል የጠፋው በዚህች ልዩነት ነው።

ይሁን እንጂ ባለ 50ው ሌንስ በኤ ፒ ኤስ ሲ ሴንሰር ላይ እይታው ስለሚጠብ ለፊት ሥዕል እንጂ በጠባብ ክፍል ለተሰበሰበ ቤተ ዘመድ አይመችም፤ ለዚያ ባለ 35ው ይሻላል። ከኒኮን ዲ 3000 እና ዲ 5000 ተከታታዮች የሚገዛም ሰው ያስተውል፤ እነዚህ በካሜራው ውስጥ ሌንስ የሚያዞር ሞተር ስለሌላቸው፣ ሌንሱ እንደ ኤ ኤፍ ኤስ ያለ የራሱ ሞተር ያለው ካልሆነ ትኩረቱን በእጅ ማስተካከል ግድ ይሆናል።

ከመግዛት በፊት

በመጀመሪያ የት እንደምናነሣ እንጠይቅ። በፀሐይ ብርሃን ብቻ የምናነሣና በስልክ የምናይ ከሆነ፣ በእጃችን ያለው ስልክ ይበቃናልና ገንዘባችንን ለሌላ ጉዳይ እናውለው። በቤት ውስጥ፣ በማታ፣ በቤተ ክርስቲያን የምናነሣ ከሆነ ግን ሰፊ ሴንሰርና ብሩህ ሌንስ ያሻናል።

ያገለገለ ካሜራ ሲገዛ ሻተሩ ስንት ጊዜ እንደ ሠራ ይጠየቅ፤ ለጀማሪ የተሠሩ ብዙዎቹ ለ100,000 ጊዜ ያህል የታሰቡ ናቸው። በሌንሱ መግቢያ ጠባብ ቍጥር፣ ለምሳሌ በኤፍ 16፣ ነጭ ግድግዳ ይነሣና ይታይ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ በሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ ማለት ነው። ሌንሱም ወደ ብርሃን ተይዞ፣ በውስጡ እንደ ሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ አለመኖሩ ይመርመር። ከገንዘቡም ለመያዣ ካርድና ለተለዋጭ ባትሪ የሚሆን ይቀመጥ። ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ወጪውን እንዲያሰላ ወንጌል ያስተማረን ለካሜራም ይሠራል።

ከተነሣ በኋላም ሥዕሉ በሁለት ቦታ ተገልብጦ ይቀመጥ፤ ዋና ዋናውም ይታተም። በካርድ ውስጥ ብቻ ያለ ሥዕል ካርዱ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል። በቤተ ክርስቲያን ለማንሣት የሚፈልግም አስቀድሞ የአስተዳዳሪውን ፈቃድ ይለምን፤ ፍላሹን ያጥፋ፤ ጥቂት አንሥቶም ካሜራውን ያስቀምጥ። ለጸሎት የመጣ ሰው ጸሎቱን በመሣሪያ ሊለውጠው አይገባምና።

እኛም ዘግይተን የተማርነውን ይዘን፣ ያገለገለ ካሜራና አንድ ባለ 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ገዛን። ወንድ ልጃችን በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ፣ በጧፉ ብርሃን፣ አማታችን ታቅፈውት ሳለ ያነሣነው ሥዕል የእጃቸውን መሥመር ሳይቀር ያሳያል። በግድግዳችን ላይ ከእናታችን የደበዘዘ ሥዕል አጠገብ ሰቅለነዋል። ሴት ልጃችን ያንን እያየች አያቷ ምን ይመስሉ እንደ ነበር ስትጠይቀን፣ የጎደለውን በቃል እንነግራታለን። ሽማግሌ ያለው ቤት ሁሉ ግን ሥዕሉን ዛሬ፣ ብርሃኑም ሰዎቹም ሳሉ፣ እንዲያነሣ አደራ እንላለን።