በሮም ታዳጊን ማን ይዳኘው?

ስልክ ነጥቆ ሲሮጥ የተያዘ የ15 ዓመት ልጅ ማን ፊት ይቅረብ? በአሜሪካ በብዙ ከተሞች መልሱ «እኩዮቹ ፊት» ሊሆን ይችላል። በ1983 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቴክሳስ ኦዴሳ ከተማ ከተቋቋመ በኋላ የታወቀው የታዳጊዎች ችሎት በብዙ ግዛቶች ተስፋፍቷል። ቀላል ጥፋት ሠርቶ ያመነ ልጅ ይቀርባል፤ ጠበቃውም ከሳሹም ወሳኞቹም ታዳጊዎች ናቸው። የሚፈርዱበት እስር ሳይሆን የማኅበረሰብ አገልግሎት ወይም የይቅርታ ደብዳቤ ነው፤ አንዳንዴም በሌላ ልጅ ጉዳይ ላይ ከወሳኞቹ ጋር እንዲቀመጥ ይታዘዛል።

በሮም እንዲህ ያለ ችሎት የለም። ምክንያቱን ከጣሊያን ታሪክ ውስጥ ማግኘት ይቻላል። ሙሶሊኒ በ1926 ልዩ ፍርድ ቤት አቁሞ ተቃዋሚዎቹን አስፈርዶባቸዋል፤ በ1928 የኮሚኒስት ፓርቲ መሪውን አንቶኒዮ ግራምሺን ከ20 ዓመት በላይ የቀጣው ይኸው ሮም ላይ የተሰየመው ችሎት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተጻፈውና በጥር 1948 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 102 ልዩ ዳኝነትን ከለከለ። አንቀጽ 112 ደግሞ ዐቃቤ ሕግ ወንጀል ሲያይ የመክሰስ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። በአሜሪካ ፖሊሱ ወይም ዐቃቤ ሕጉ «ይህንስ ልጆቹ ይዩት» ብሎ መተው ይችላል፤ የሮሙ ዐቃቤ ሕግ ግን ይህ ሥልጣን የለውም።

ጣሊያን የመረጠችው ሌላ መንገድ ነው። በ1934 በወጣው ሕግ የታዳጊዎች ፍርድ ቤት ተቋቋመ። በችሎቱ ሁለት መደበኛ ዳኞችና ሁለት የክብር ዳኞች ይቀመጣሉ፤ የክብር ዳኞቹ አንዷ ሴት አንዱ ወንድ ሆነው እንደ ሥነ ልቦናና ትምህርት ባሉ ሙያዎች የበቁ መሆን አለባቸው፤ ዕድሜያቸውም ከ30 ማነስ የለበትም። ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ተጠያቂነት ከ9 ዓመት ጀምሮ መሆኑን ለሚያውቅ አንባቢ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

የሮም የልጅ ቅጣት ታሪክ ግን ከዚህም ይቀድማል። ጳጳስ ክሌመንት 11ኛ በ1703 በቲቤር ወንዝ ዳር ሳን ሚኬሌ በተባለው ግቢ ለወንዶች ልጆች ማረሚያ ቤት እንዲሠራ አዘዙ፤ ንድፉን ያወጣው ካርሎ ፎንታና ነው። ልጆቹ ቀን በዝምታ ይሠሩ፣ ሌሊት ለየብቻ ይተኙ ነበር። ቅጣት ብቻውን ሰውን አያቀናም የሚል ጽሑፍ እዚያ ተቀርጾ ነበር፤ እንግሊዛዊው የእስር ቤት ተቆርቋሪ ጆን ሃዋርድ ሲጎበኘው በጣም ተማርኮበታል።

ይህ እምነት በእውነት ሕግ የሆነው ግን በ1988 ነው ባይ ነኝ። በዚያ ዓመት በወጣው የታዳጊዎች የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 28፣ ጣሊያኖች «ሜሳ አላ ፕሮቫ» የሚሉት አሠራር አለ። ዳኛው ክሱን ያቆማል። ልጁ ከማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎች ጋር በተዘጋጀ ዕቅድ ይማራል፣ ይሠራል፣ የበደለውን ይክሳል፤ ዳኛው ከተበዳዩ ጋር እንዲታረቅም ሊያዝ ይችላል። ጊዜው እስከ 1 ዓመት፣ በከባድ ወንጀል እስከ 3 ዓመት ነው። ከተሳካለት ወንጀሉ ይሰረዛል። ችሎቱ ዝግ ነው፤ የልጁን ስምና ፎቶ ማሳተምም ክልክል ነው። የእኩዮች ዳኝነትን ስመዝን የምሰጋው እዚህ ላይ ነው፤ የ15 ዓመት ልጅ ገመናውን በጣም የሚደብቀው ከእኩዮቹ ነውና። እኩያ ቢገባ የሚሻለው በዕርቁ ነው፤ ተበዳዩም ብዙ ጊዜ ታዳጊ ስለሆነ ፊት ለፊት ተነጋግረው መካካሳቸው ከፍርድ የበለጠ ያስተምራል።

ይህ መንገድ አሁን እየጠበበ ነው። በኔፕልስ አጠገብ በካይቫኖ በልጃገረዶች ላይ ከተፈጸመው ጥቃት በኋላ መንግሥት በመስከረም 2023 ባወጣው ድንጋጌ ታዳጊን ማሰር ቀላል ሆነ፤ ድንጋጌው በኅዳር ሲጸድቅም ለአንዳንድ ከባድ ወንጀሎች አንቀጽ 28 ተዘጋ። በ2022 መጨረሻ በአገሪቱ የታዳጊዎች እስር ቤቶች የነበሩት ከ400 በታች ነበሩ፤ በ2024 ከ500 በላይ ሆኑ። የሮሙ ካዛል ዴል ማርሞ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ጳጳስ ፍራንሲስ በ2013 እና በ2023 በጸሎተ ሐሙስ የእስረኞቹን እግር ያጠቡት እዚያ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ በእነዚህ እስር ቤቶች የሞሉት የውጭ አገር ልጆች ዕጣ ነው። አንቀጽ 28 አድራሻ፣ ትምህርት ቤትና «እኔ አለሁለት» የሚል ሰው ይፈልጋል። ያለ ወላጅ ባሕር አቋርጦ የመጣ ልጅ እነዚህ ስለሚጎድሉት ዕድሉን የሚያገኘው ከጣሊያናዊ እኩያው ባነሰ ነው። ክፍተቱን በከፊል መሙላት ይቻላል። በ2017 በወጣው፣ ብቻቸውን የመጡ ልጆችን በሚመለከተው የዛምፓ ሕግ መሠረት በየታዳጊዎች ፍርድ ቤቱ የበጎ ፈቃድ ሞግዚቶች መዝገብ ተከፍቷል። ሞግዚቱ ልጁን ቤቱ አያኖረውም፤ በሕግ ፊት ይወክለዋል፣ ጥቅሙን ይከታተላል። በሮም ዓመታት የኖራችሁ፣ ቋንቋውንም ከተማውንም የምታውቁ ሐበሾች፣ በዚያ መዝገብ ላይ ስማችሁን አስፍሩ። ልጁ ከመከሰሱ በፊት ሰው እንዲኖረው አድርጉ።