በአንድ ከተማ ሁለት ሰማይ

ክረምትን አዲስ አበባ ያሳለፈ ሰው ይህን ጨዋታ ያውቀዋል። ፒያሳ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠልለህ፣ ውኃው ካልሲህ ድረስ ዘልቆ፣ እኅትህ ጋ ትደውላለህ። «ይሄን ዶፍ እንዴት ይዘሽዋል?» ትላታለህ። «የምን ዶፍ?» ትልሃለች ከገርጂ። «እዚህ ፀሐይ ነው፤ ልብስ አጥቤ አስጥቻለሁ።» ማናችሁም አልዋሻችሁም። ከተማው ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከእንጦጦ ጀርባ ተነሥቶ ቦሌ ሲደርስ 2300 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ወደ አቃቂ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። የክረምት ደመና ረፋድ ላይ ከሞቀው መሬት ይነሣል፣ ተራራ ሲያገኝ ሽቅብ ይቆለላል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የቋጠረውን ያወርዳል። ሲያወርድ ግን ብዙ ጊዜ ከተማውን ሁሉ አያዳርስም፤ ሰፈር እየመረጠ ነው። አንዱ ዶፍ ጥቂት ኪሎ ሜትር አርሶ ያበቃል።

ታዲያ ፎቶ አንሺ ይህን እንዴት ያንሣው? ፒያሳ ቆሞ ቢያነሣ ዝናብ ብቻ ይይዛል፤ ገርጂ ቢሄድ ፀሐይ ብቻ። ሁለቱን ሰማይ ጎን ለጎን አድርጎ የሚያሳየው ፓኖራማ ነው። ብዙ ሰው «ሰፊ ፎቶ» ብሎ ያልፈዋል፤ እውነትም ሰፊ ነው። እኔን ለዓመታት ያስቸገረኝ ግን ጊዜው ነው። ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ እስኪደርስ ሰከንዶች፣ አንዳንዴም ደቂቃዎች ያልፋሉ፤ ደመናው ደግሞ ለማንም ቆሞ አይጠብቅም።

ችግሩ የቆየ ነው። ፓኖራማ ከካሜራም ይቀድማል። ሮበርት ባርከር የሚባል ትውልደ አየርላንድ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1787 የኤድንብራን ከተማ ከኮረብታ ላይ ዙሪያውን ሥሎ ለሐሳቡ የባለቤትነት መብት አወጣ። ተመልካቹ ክብ ቤት መሃል ገብቶ ይቆማል፤ ግድግዳው ሁሉ ከተማ ይሆንበታል። «ፓኖራማ» የሚለው ስም ቆየት ብሎ ነው የወጣለት፤ ሁለት የግሪክ ቃላት ተጋጥመው «ሁሉን ማየት» እንደማለት ነው። ሠዓሊ እንግዲህ ደመናውን እንደፈለገ ያስቆመዋል። ፎቶ አንሺ ይህ ዕድል የለውም። የፈረስ ግልቢያን በተከታታይ ፎቶ በማሳየት የሚታወቀው ኤድዋርድ ማይብሪጅ እ.ኤ.አ. በ1878 ሳን ፍራንሲስኮን ኮረብታ ላይ ካለ የአንድ ባለጸጋ ቤት ማማ ሆኖ ሲያነሣ 13 ትልልቅ መስታወቶች ፈጅቷል፤ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ከአምስት ሜትር ይበልጣሉ። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ መስታወት ኬሚካል ይቀባል፣ እርጥብ እንዳለ ይነሣበታል፣ ሳይደርቅ ይታጠባል። ስለዚህ ሥራው ሰዓታት ወስዷል፤ ፀሐይም በመሃሉ ጉዞዋን አላቆመችም። አንድ ቅጽበት የሚመስለው ሥዕል የግማሽ ቀን ጥርቅም ነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ዘዴው ተገለበጠ። በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ሰርከት የሚባል ካሜራ መጣ። እንደ ሰዓት ሞላ ተጠምዝዞ ራሱ ይዞራል፤ ፊልሙም በቀጭን ስንጥቅ በኩል አብሮት ይሄዳል። የትምህርት ቤት ተማሪዎችን በረድፍ አቁሞ ለማንሣት ተወዳጅ ነበር። ከተማሪዎቹ መሃል ግን አንድ ተንኮለኛ አይጠፋም፤ ግራ ጫፍ ላይ ቆሞ ከተነሣ በኋላ በሰዎቹ ጀርባ ሮጦ ካሜራውን ቀድሞ ቀኝ ጫፍ ላይ ይቆማል። ፎቶው ሲታጠብ አንዱ ልጅ ሁለት ቦታ ነው። በኪሳችን ያለው ስልክም የሚሠራው በዚሁ ባሕርይ ነው። መስቀል አደባባይ ላይ ቆማችሁ ስልካችሁን ፓኖራማ ላይ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ዙሩ። ከእናንተ ጋር በአንድ አቅጣጫ የሚሄደው ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ እንደ አውቶቡስ ተለጥጦ ይወጣል፤ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጣው ደግሞ ግማሽ አካሉን ያጣል። ስልኩ አልተበላሸም። ጊዜን በቀጭን በቀጭን እየቆረጠ ቀጥሏል፣ ያ ነው የሚታየው።

ለጠራ ሥራ ግን ስልኩን ተውትና ካሜራ በትራይፖድ ይሁን፤ ቦታው ደግሞ እንጦጦ። ለምን እንጦጦ? ከፍታው ብቻ እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ከሚያዝያ መግቢያ እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። እንጦጦ ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ፣ ወደ ከተማው ለሚያይ ሰው እንግዲህ ፀሐይዋ ከጀርባው ናት። ስትጠልቅም ከምዕራብ ወደ ሰሜን ስለምታደላ ብርሃኑ በቀኝ ትከሻው ላይ አልፎ የከተማውን ፊት ይመታል። ታኅሣሥ ላይ ይኸው ቦታ ሌላ ነው፤ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትመጣለች፣ አቧራና ጭሱ ይነጣል፣ ሕንጻዎቹ ጥቁር ጥላ ይሆናሉ። ቱሪስት በበጋ ይምጣ ይባላል፤ ለመንገዱ ልክ ነው። ለፎቶ ግን ሐምሌን የሚያህል ወር አላየሁም። ዝናቡ አየሩን አጥቦታል፣ ቆርቆሮው ረጥቦ ያበራል፣ ከዶፍ በኋላ ለአፍታ ሲገለጥ ከየረር እስከ ወጨጫ ያለው ተራራ ቅርብ ሆኖ ይታያል። በጣም ከጠራ ዝቋላም በስተደቡብ ብቅ ይላል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ካሜራውን ቁመቱ ላይ አቆመዋለሁ፤ ሰፊ ሆኖ የሚወጣውን ሥዕል በቁም ማንሣት ለጀማሪ ግራ ነው፣ ግን ሰማዩም ከእግራችን በታች ያለው ጫካም የሚገባው እንደዚያ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ባለው ሙሉ መጠን ካሜራ ከወጨጫ እስከ የካ ያለውን 150 ዲግሪ ያህል ለመያዝ ስምንት ፎቶ ይበቃል። እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ጋር አንድ ሦስተኛውን ይጋራል፤ ኮምፒውተሩ በኋላ የሚሰፋቸው ያንን የጋራ ቦታ እያመሳሰለ ነው። ሁሉም ነገር ማኑዋል ላይ መሆን አለበት፤ የብርሃን መጠኑም፣ ፎከሱም፣ የቀለም ሚዛኑም። ካሜራው በራሱ እንዲመርጥ ከተተወ ጨለማው ደመና ጋ ሲደርስ ያደምቃል፣ ፀሐዩ ጋ ሲደርስ ያጠቁራል፤ ያ ሁለት ሰማይ የምንለው ነገር ሁሉ ጠፍቶ የተጣፈ ጋቢ የሚመስል ሥዕል ይወጣል። የብርሃኑን መጠን የማነበው በጣም ብሩህ ከሆነው ደመና ላይ ነው። ጨለማውን በኋላ ማውጣት ይቻላል፤ ነጥቶ የተቃጠለ ደመና ግን ተመላሽ የለውም።

አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይጋነናል። አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጣታችሁን ፊታችሁ አቁሙና ራሳችሁን ወዲያ ወዲህ አዙሩ፤ ጣቱ ከኋላው ካለው ነገር አንጻር ይንቀሳቀሳል። ካሜራም ሲዞር እንዲሁ ነው፤ ለዚህ ተብሎ ሌንሱን በልኩ ነጥብ ላይ የሚያዞር ውድ ዕቃ ይሸጣል። ከተማው ሩቅ እስከሆነ ድረስ ገንዘባችሁን አታባክኑ። የሚያስፈልገው አጥር ወይም የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቅርብ ሲገባ ነው፤ እኔ ቅርንጫፉን ሸሽቼ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት እሄዳለሁ። ከዚያ የሚበልጠው ዕቃ ፌስታል ነው፤ ለሌንሱ ቀዳዳ ተበጅቶለት በላስቲክ ታስሮ። ለመጥረጊያ ደግሞ አሮጌ የነጠላ ቁራጭ፤ ውኃ በደንብ ይመጥጣል።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። በኮልፌ በኩል ደመናው ወደ ጥቁር ሰማያዊ ዞሯል፤ ከሥሩ ዝናቡ እንደ ግራጫ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። መጋረጃው ሲራመድ ቤቶቹ አንድ በአንድ ይዋጣሉ። ንፋሱ በረታና ባሕር ዛፉ ሁሉ ሆዱን ገልብጦ ነጣ። መሃል ላይ የንግድ ባንክ ሕንጻ፣ 209 ሜትር ገደማ ቁመቱ፣ ግማሹ በፀሐይ ግማሹ በጥላ ቆሞ ነበር። አንድ ጥበቃ መጥቶ «አባቴ፣ ይሄ ምን ያደርግልሃል? ዝናብ እኮ ነው» አለኝ። ዝናቡን ለማንሣት እንደመጣሁ ስነግረው ሣቀና ጃንጥላውን በካሜራዬ ላይ ዘረጋልኝ።

ወደ 10 ሰዓት ሲጠጋ የጠበቅሁት መጣ። ቀስተ ደመና የሚታየው ፀሐይ ከ42 ዲግሪ በታች ስትወርድ ነው፤ በሐምሌ አዲስ አበባ ላይ ይህ የሚሆነው ከመጥለቋ ሦስት ሰዓት ገደማ ሲቀራት ነው። ያን ጊዜም የሚቆመው ከፀሐይ በተቃራኒ፣ በየካና በቦሌ በኩል ነው። በወጨጫ በኩል ደመናው ተሰነጠቀ፣ ብርሃኑ ወረደ፣ ዝናቡም አላቆመም። ጥበቃው «ጅብ ወለደች» አለ። የቀስቱ ስፋት ከጫፍ ጫፍ 84 ዲግሪ ሊደርስ ስለሚችል ተራ ሌንስ በአንድ ፎቶ አይዘውም፤ እዚህ ላይ ፓኖራማ ግዴታ ነው። ከግራ ጀመርኩ፤ ስምንቱን በአሥራ አምስት ሰከንድ ጨረስኩ፤ ዞርኩና ደገምኩ። ሦስተኛው ዙር ላይ መብረቅ አበራ። ድምፁ እስኪሰማ ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለት። ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ አራት ኪሎ ሜትር ላይ ነበር። ከሠላሳ ሰከንድ በታች ከተቆጠረ ኮረብታ ላይ አይቆምም፤ ባሕር ዛፍ ሥርም አይጠለሉም። ትራይፖዱን ታቅፌ ወደ መኪናዬ ሮጥኩ፤ ጥበቃውም ከኋላዬ።

ማታ ኮምፒውተሩ ላይ የመጀመሪያውን ዙር ሰፋሁት። ከ20,000 ፒክሰል በላይ ስፋት አለው። አምስተኛውና ስድስተኛው ፎቶ መጋጠሚያ ላይ የዝናቡ መጋረጃ ሁለት ጠርዝ አወጣ፤ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ተራምዷል። ማስተካከል ይቻል ነበር፤ ተውኩት።

እኅቴ በማግስቱ ስታየው ቀስተ ደመናውን አላየችውም። ጣቷን ስክሪኑ ላይ እያንፏቀቀች ወደ ግራ፣ ወደ ገርጂ ሄደች፤ እስኪደበዝዝ አጉልታ የራሷን ሰፈር ፈለገች። ቆርቆሮዎቹ ደርቀው በፀሐይ ያበራሉ። «አየህ፤» አለችኝ፣ «ደርቋል አላልኩህም?»