ተዘዋዋሪ የጥበብ ትርኢት በሚያርፍበት ከተማና በተነሣበት ቤት

ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወር የጥበብ ትርኢት ብዙ ጊዜ የሚመዘነው በተመልካቹ ብዛት ነው። ነገር ግን ተመልካቹ ከተበተነና ዕቃው በየሣጥኑ ከታሸገ በኋላ በአስተናጋጁም በባለንብረቱም ዘንድ የቀረው ነገር ካልተመረመረ የትርኢቱ ፍሬ አይታወቅም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የኢትዮጵያ ቅዱሳት ሥዕላትና ንዋያተ ቅድሳት ወደ አሜሪካ ያደረጉት ጉዞ ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በ1993 «አፍሪካዊት ጽዮን» የተባለው ትርኢት በባልቲሞር ከተማ፣ በዎልተርስ ቤተ መዘክር ተከፍቶ ወደ ሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ተዘዋወረ። ከቀረቡትም ሥራዎች ብዙዎቹ በአዲስ አበባ ከሚገኘው ከኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በውሰት የተወሰዱ ነበሩ። ትርኢቱ ቢያልፍም በባልቲሞር የተከለው ዝንባሌ አላለፈም፤ ቤተ መዘክሩ በተከታዮቹ ዓመታት ሥዕላትን፣ የብራና መጻሕፍትንና መስቀሎችን እየሰበሰበ ሄዶ፣ ዛሬ ከኢትዮጵያ ውጭ ካሉት ታላላቅ ስብስቦች አንዱን ይዟል።

ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ2023 መጨረሻ፣ ያው ቤተ መዘክር «ኢትዮጵያ በመስቀለኛ መንገድ ላይ» የተባለ ሌላ ትርኢት ከፈተ፤ ይኸውም በ2024 በማሳቹሴትስ ወደ ሴለም፣ በኦሃዮም ወደ ቶሌዶ ተጓዘ። በዚህኛው ከጥንቱ ሥራ ጐን የዘመናችን የኢትዮጵያ ተወላጆች ሥራ ቀርቧል፤ የዘመናዊውንም ክፍል በእንግድነት ያዘጋጁት ኢትዮጵያዊት አሜሪካዊት የኪነ ጥበብ ባለሙያ ፀዳዬ መኰንን ናቸው። ባልቲሞር ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከዋሽንግተን የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ብቻ ትርቃለችና፣ በባዕድ አገር የሚኖረው ማኅበረ ሰብ በዚህ አኳኋን ተመልካች ብቻ ሳይሆን የዝግጅቱ ተካፋይም ሆነ።

በባለንብረቱ በኩል ግን ጥቅሙም ጕድለቱም ይታያል። ዕቃው ከመጓዙ በፊት ይመረመራል፣ ይለካል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ያለበትም ጉዳት ሁሉ ይመዘገባል፤ ይህ መዝገብ ለጥበቃም ለምርምርም የሚጠቅም ሀብት ነው። ሆኖም የ1993ቱ የትርኢት መጽሐፍ የታተመው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ ቋንቋውን ለማያነበው ካህንና የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የተዘጋ ነው። ከዚህም በላይ በመጋረጃ ተከልሎ የሚኖረው፣ ምእመኑም የሚሳለመው ሥዕል በመስታወት ውስጥ ሲቆም የዓይን ብቻ ይሆናል፤ ይህን ጕድለት በገለጻ ሊያሟላ የሚችለው ሥርዓቱን የሚያውቅ ሰው ነው።

ስለዚህ ትብብሩ ሚዛኑን የሚጠብቀው የተወሰደው ዕቃ ሲመለስ ብቻ ሳይሆን በጉዞው የተገኘው ዕውቀትም አብሮ ሲመለስ ነው፤ ይኸውም የምርመራው መዝገብ ቅጂ በተቋሙ ሲቀመጥ፣ መጽሐፉ በአማርኛም ሲታተም፣ የአገር ውስጥ ባለሙያም በጥበቃው ሥራ ሲሠለጥን ነው። ያለዚያ አስተናጋጁ ስብስቡን ሲያበዛ፣ ባለቤቱ ሣጥኑን ከፍቶ የላከውን መልሶ ከመቍጠር በቀር ትርፍ አይኖረውም።