በረዶው ለግማሽ ሰዓት፣ መዘዙ እስከ ከርሞ

ዳባት ላይ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የአየር ጠባይ ትምህርት ላይ ስንደርስ እጁን የሚያወጣ ልጅ አይጠፋም፤ «አሜሪካንን የሚያተራምሰው ሀሪኬን እኛ አገር የማይመጣው ለምንድን ነው?» መልሱን ባጭሩ እነግረዋለሁ። ሀሪኬን ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞቀ ባሕር ነው። የውቅያኖሱ ገጽ ከ26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ ሲሞቅ የሚነሣው እንፋሎት ነው የሚያሽከረክረው፤ የብስ ሲረግጥ ስንቁ ይቋረጥበታል። ጎረቤታችን ደባርቅ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ፣ ከባሕር ርቃ፣ በሐምሌ ብርድ ጋቢ የምታስደርብ ከተማ ናት።

ግን መልሱ እዚያ ላይ ሲቆም ቅር ይለኛል። ሀሪኬኑ ወደ እኛ ባይመጣም ከእኛ ሰማይ ተነሥቶ የሚሄድበት ጊዜ አለና። በክረምት ጠዋት ፀሐይ ተራራውን ታሞቀዋለች፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይቆለልና ነጎድጓዱ ይጀምራል፤ ማታ ላይ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሱዳን ይነጉዳል። እዚያ ላይ ከመሬት ሦስት አራት ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍስ ፈጣን ነፋስ አለ። ደመናው ይህን ነፋስ ሲያናውጠው ሞገድ ይፈጠራል፤ ሞገዱም ቻድንና ኒጀርን አቋርጦ በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ በኩል አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። አብዛኛው እዚያው በኖ ይቀራል። ይሁን እንጂ ከባድ ከሚባሉት የአትላንቲክ ሀሪኬኖች 85 በመቶ ያህሉ እንዲህ ካለ ሞገድ የተነሡ ናቸው። ክሪስቶፈር ሂልና ዩ ላንግ ሊን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከሦስት ዓመት በፊት የተነሣውን አልቤርቶ የተባለውን ሀሪኬን ዱካ ወደ ኋላ ተከትለው የደረሱት ኢትዮጵያ ደጋ ላይ ከተቆለለ የነጎድጓድ ደመና ነበር። ይህን ስነግራቸው ተማሪዎቼ ይኮራሉ፤ በምኑ እንደሚኮሩ እንጃ!

ታናሽ እኅቴ የምትኖረው ሂውስተን ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ቤርል የተባለው ሀሪኬን ቴክሳስ ሲገባ እሷ፣ ባሏና ሁለት ልጆቿ መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ፍራሽ አንጥፈው አደሩ። ገንዳውን አስቀድመው ውሃ ሞልተውታል። ቤርልም ከአፍሪካ በኩል በተሻገረ ሞገድ የተጸነሰ ነው፤ ካሪቢያን ላይ ሳለ ደረጃ 5 ደርሶ ነበር፤ በአትላንቲክ የሀሪኬን መዝገብ ከዓመቱ ውስጥ ያን ያህል ቀድሞ እዚያ ደረጃ የደረሰ የለም። ቴክሳስ ሲደርስ ግን ደክሞ ደረጃ 1 ሆኗል። እኅቴ የፈራችው ነፋሱን ነበር፤ ያስለቀሳት ግን ከነፋሱ በኋላ የመጣው ነው። ከ2 ሚሊዮን በላይ የመብራት ደንበኞች ጨለማ ውስጥ ገቡ። ማቀዝቀዣ ቆመ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ሥጋ ሸተተ፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ዝም አለ። ጄኔሬተር ከቤት አስጠግተው አስነሥተው በጭሱ ተመርዘው ሆስፒታል የገቡ ሰዎች ነበሩ። የእኅቴ ልጆች የሰነበቱት በድርቆሽና እናቴ በላከችላቸው የገብስ በሶ ነው።

እናቴ በስልክ፣ «ጣሪያው አለ?» አለቻት።

«ጣሪያውስ አለ እማ፤ መብራቱ ነው የሌለ።»

«ውይ፣ መብራትማ ለእኛስ መች አለ!»

የእኛ ተራ ነሐሴ ላይ፣ ቡሄ ካለፈ በኋላ መጣ። ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለው ከወላጆቼ ቤት ነበርኩ። የዚያን ቀን ጠዋት ፀሐይዋ ትለበልብ ነበር። አባቴ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ «ይቺ ፀሐይ ለደግ አይደለችም» አለና በጎቹን ከመስክ እንዲያስገቡ ልጆቹን ላከ። ስምንት ሰዓት አልፎ ከስሜን በኩል ጠቆረ፤ ከጥቁሩ ሥር ደግሞ አመድማ ነጭ ነገር ተንጠልጥሏል። ዝናብ ሲመጣ ይንሿሿል፤ በረዶ ሲመጣ ግን ከሩቅ ያጉረመርማል፤ ጭነት መኪና አቀበት የሚወጣ ይመስላል። ከብቶቹ አንገት ለአንገት ተያይዘው ቆሙ። የመጨረሻዋ በግ በረት እንደገባች የመጀመሪያው ፍሬ ደጃፉ ላይ ነጠረ።

ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በረዶ ሲዘንብ መነጋገር አይቻልም። እናቴ አፏ ሲንቀሳቀስ «እግዚኦ» እያለች እንደሆነ የማውቀው ስለለመድኩ ነው። ልጆቹን መደብ ላይ አስቀምጠን ቁርበት ከላያቸው ያዝን። ወጨፎው በበሩ ስንጥቅ እየገባ ወለሉን አጨቀየው። ያስፈራን በረዶው ሳይሆን ነፋሱ ነበር፤ በምዕራብ በኩል ያለው ቆርቆሮ ጠርዙ ተነሥቶ መንጫጫት ጀመረ። አንዲት ሉክ ከተነሣች ነፋስ በሥሯ ገብቶ ቀሪዎቹን ይከታተላቸዋል። ወንድሜ የአህያውን መጫኛ አንሥቶ ማገሩን ከምሰሶው ጋር ጠፍሮ አሰረውና በላዩ ተንጠለጠለበት። ያ መጫኛ ነው ጣሪያችንን ያተረፈው።

በረዶው ሲያባራ ግቢው ነጭ ሆኗል፤ ከቤቱ ግድግዳ ሥር እስከ ጉልበት ተቆልሏል። አሮጌው የሳር ማድ ቤት ግን ምንም አልሆነም። ሳር በረዶን ይውጠዋል፤ ቆርቆሮ ይበሳል። ቆርቆሮ ለእሳትና ለምስጥ ይሻላል፣ ባለ ቆርቆሮ መባልም ደስ ይላል፤ በዚያች ዕለት ግን እናቴ በማድ ቤቷ ስትኩራራ አመሸች።

በረዶ እንደ ዳባትና ደባርቅ ያለ ደጋ የሚወድበት ምክንያት አለው። በእኛ ሰማይ ውሃ ወደ በረዶ የሚለወጥበት ከፍታ 5,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ከራስ ዳሽን ጫፍ ብዙም አይርቅም። ደመናው ውስጥ ወደ ላይ የሚተኮሰው አየር ፍሬዋን ደጋግሞ እያነሣ ያወፍራታል፤ ስትከብደው ይለቃታል። ደባርቅ ለመድረስ የምትወርደው 2,000 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ሳትቀልጥ ትደርሳለች። መተማ ቆላ ላይ ብትወርድ ኖሮ በመንገዷ ውሃ ሆና ነበር።

የዚያን ማታ እራት የበላ የለም። በማግሥቱ ጠዋት አባቴን ተከትዬ ላይኛው ማሳ ወጣሁ። ገብሱ ዘርዝሮ ነበር፤ አሁን ግን አገዳው ተሰብሮ መሬት ላይ ተለጥፏል። አባቴ አላለቀሰም፣ አልተራገመም። ቁጢጥ ብሎ አንድ አገዳ በጥፍሩ ሰነጠቀና ውስጡን አየ። ገብስ ገና ቡቃያ ሳለ በረዶ ቢመታው የሚያድገው ጫፉ ከአፈር ሥር ስለሚሆን ቅጠሉ ተቀጥቅጦም ያገግማል፤ ስለዚህ ገበሬው ቸኩሎ መገልበጥ የለበትም፣ ሳምንት ያህል ታግሦ አዲስ ቅጠል ማየት አለበት። ከዘረዘረ በኋላ ግን ተስፋ የለውም። ባቄላው አበባውን አራግፏል፤ ቀድሞም ቆርምድ የሚሉት በሽታ ያሰጋው ነበር። ነጭ ሽንኩርቱ ቅጠሉ ቢቆራረጥም ራሱ ከመሬት ውስጥ ስለሆነ ትንሽ ያንሳል እንጂ አይጠፋም። «ይኸን ለከብት እንጨደው፤ ሳይሸት» አለኝ አባቴ ገብሱን እያሳየኝ። በዚያው ቀን ወንፈል ተጠርቶ፣ ጎረቤት ማጭዱን ይዞ መጥቶ፣ የዓመት እህላችን ለከብት መኖ ታጨደ።

ጎረቤት የመጣው የእሱ ማሳ ስላልተነካ ነው። በረዶ በመንገድ ነው የሚሄድ፤ ጠበብ ባለ ቅያስ አልፎ አንዱን ሲቀጠቅጥ ድንበርተኛውን ይዘለዋል። መሬታችን አንዱ ቁራሽ ከአቀበት፣ አንዱ ከወንዝ ዳር፣ አንዱ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ተበታትኖ መያዙን የከተማ ሰው ሲያይ ኋላ ቀርነት ይመስለዋል። እኔ ግን ከማውቃቸው መድኖች ሁሉ ርካሹ ይኸው ነው እላለሁ። ታችኛው ዋልካ ማሳችን አንዲት ፍሬ አልወደቀችበትም።

ሰው ግን ከማሳው ይልቅ ኃጢአቱን ነው የፈለገው። በእኛ አገር በዓል የሻረ፣ በማይታረስበት ቀን በሬ የጠመደ በረዶ ያመጣል ይባላል፤ አንዳንድ ቀበሌ እስከ መቀጫ ያደርሳል። በረዶ ይከለክላል የሚባል ደብተራም ይጠራ ነበር። በተራራው ሙቀትና በደመናው ቁመት የማስረዳው እኔ ነኝ፤ ሆኖም ቀበሌው በአንድ ላይ ሥራ የሚያቆምበት ቀን መኖሩ የሚረዳበት ሌላ ነገር አለ፤ የተጎዳውን ለማየት ሁሉም ቤቱ ይገኛል።

በዚያው ነሐሴ ከእኛ የባሰባቸው ነበሩ። ነሐሴ 18 ቀን ጠለምት ውስጥ የዘነበው ዶፍ ተራራውን ናደው፤ ቢያንስ 10 ሰው ሞተ፣ ከ2,400 በላይ ተፈናቀለ። ከዚያ በፊት በሐምሌ ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው ናዳ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ። በሊማሊሞ ገደላማ መንገድ የሚመላለስ ሾፌር ይህን ያውቃል፤ አንዴ የተናደ ገደል ሁለተኛ ሊናድ ስለሚችል ወዲያው በሥሩ አይታለፍም።

አንዳንዴ ደግሞ መዘዙ ከማናየው ማዕበል ይመጣል። በ2018 እ.ኤ.አ. መኩኑና ሉባን የተባሉ ሁለት ሳይክሎኖች (የሕንድ ውቅያኖስ ሀሪኬኖች) የዓረቢያን በረሃ አራሱት፤ በዚያ እርጥበት የተራባው የበረሃ አንበጣ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ወሎ ድረስ መጥቶ ማሽላና ጤፍ በላ።

ወደ እኛ ቤት ልመለስ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ በነሐሴ መጨረሻ ምን ይዘራል? ደጋው ላይ ምንም። ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ አለና ያቃጥለዋል። ዋልካው ግን ዝናቡ ካባራ በኋላም እርጥበት ስለሚይዝ ሽምብራ፣ ምስርና ጓያ ይቀበላል። ከዋልካችን ግማሹ ለሽምብራ ተብሎ ያልተዘራ ነበር። የዘር ዋጋ በሚቀጥለው ገበያ ወጣ፤ በረዶ የመታው እኛን ብቻ አልነበረማ። ወንድሜ ርካሹን ጓያ እንዝራ አለ። ጓያ ድርቅም ጎርፍም የሚችል፣ ክፉ ቀን የሚያሳልፍ እህል ነው። እናቴ ግን «እግሬን በዓይኔ እያየሁ አልቀብረውም» አለች። እውነት አላት፤ ጓያን ሌላ እህል ሳይቀላቅሉ ለወራት የበሉ ሰዎች እግራቸው ሽባ ይሆናል፤ ደምቢያና ፎገራ ይህን በሽታ ጠንቅቀው ያውቁታል። አንዴ ከያዘ አይድንም። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትና ከገብስ ወይም ከጤፍ ጋር መቀላቀል አደጋውን ይቀንሰዋል፤ ገብሱ በረዶ የመታው ሰው ግን በምን ይቀላቅለው? በረዶ የሚጎዳው እንዲህ ነው፤ ሲመታ ሳይሆን ከስድስት ወር በኋላ ጎተራው ባዶ ሲሆን። ክርክሩ እስከ ማታ ዘለቀ። በመጨረሻ እናቴ ሁለት በጎች ሸጣ የሽምብራ ዘር ገዛች።

እኅቴም በበኩሏ ከመድን ድርጅት ጋር ስትጻጻፍ ነበር። እዚያ መደበኛው የቤት መድን ነፋስ ለሰበረው ይከፍላል፤ ለጎርፍ ግን ሌላ መድን ካልገቡ አይከፍልም። አጥሯን ዛፍ ነው የጣለው፣ ዛፉን ደግሞ ነፋስ። ይህን በፎቶ እስክታስረዳ ወራት ወሰደባት። እኛ ጋ ከቀበሌ የመጡ ሰዎች ማሳውን አይተው ስም መዝግበው ሄዱ።

ሽምብራው በጥር ተወቃ። ከዋጋው ላይ የማዳበሪያው ዕዳ ግማሽ ተከፈለ፤ ማዳበሪያው የተበተነው ለከብት በታጨደው ገብስ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። ቀሪውን ለመሙላት ወንድሜ ገና በጥቅምት ሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ነበር፤ የደጋ ልጅ ሁሉ ገንዘብ ሲቸግረው የሚወርደው ወደዚያው ነው። ይዞት የመጣው ገንዘብ ያሰበውን ያህል አልነበረም። ወባም ይዞት ነበር፤ ለምርመራና ለመድኃኒት ያወጣውን እናቴ ከበረዶው ሒሳብ ላይ ደምራዋለች።