ተጨማሪ መረጃ፦ የተደበቀውን ፍለጋ

በስልክና በኮምፒውተር ከሚዘወተሩት ጨዋታዎች አንዱ የተደበቀ ዕቃ ፍለጋ ነው። በኮተት የተጨናነቀ ሥዕል ይቀርባል፤ ተጫዋቹ የታዘዘውን ቁልፍ፣ ላባ ወይም ሰዓት ከግርግሩ መሃል ለቅሞ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው «ሚስትሪ ኬዝ ፋይልስ» የዚህ ዓይነት ነው።

ዓይናችን እንዴት ይፈልጋል? የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አን ትሬስማንና ጋሪ ጀላድ እ.ኤ.አ. በ1980 እንዳሳዩት፣ በአረንጓዴዎች መካከል ያለ አንድ ቀይ ነገር ወዲያው ብቅ ይላል። የሚፈለገው ነገር በቀለሙ አንዱን፣ በቅርጹ ሌላውን ሲመስል ግን ብዙ ጊዜ አንድ በአንድ መመርመር ግድ ይሆናል። ጨዋታው የሚጥመውም እዚህ ላይ ነው።

ከቆላ ድባ ጎንደር ለሚዘልቅ ተማሪ ከስክሪን የሚበልጥ ሥዕል አለ፦ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን። ጣሪያው ክንፍ ባላቸው የመላእክት ፊቶች ተሞልቷል። ፊቶቹ ተመሳሳይ፣ ዓይኖቻቸውም ትልልቅ ናቸውና ቀና ብሎ የሚቆጥር ሰው ረድፉ ቶሎ ይምታታበታል። ግድግዳው ደግሞ ሌላ ፍለጋ ይጋብዛል። በቀድሞ ሠዓሊዎቻችን ወግ ደጋጎቹ ሁለት ዓይናቸው እየታየ፣ ክፉዎቹ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ ይሣላሉ። በብዙዎቹ የዓድዋ ጦርነት ሥዕሎችም ኢጣሊያኖቹ የሚታዩት እንዲሁ በጎን ነው።

ቦታው የጸሎት ቤት ነውና ጫማችሁን አውልቃችሁ፣ በጸጥታ ግቡ፤ ከዚያ ባለ አንድ ዓይኖቹን ፈልጉ።