እንባ ለሴት፣ ቡጢ ለወንድ?

የሱዳኗ ገዳሪፍ ከገላባትና ከመተማ ድንበር ብዙ የማትርቅ፣ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችና የሰሊጥ ሠራተኞች ለአሥርት ዓመታት የኖሩባት ከተማ ናት። ዲሽ የተተከለበት ቤት የዓረብኛውንም የአማርኛውንም ድራማ ማየት ይችላል። በሁለቱም ቋንቋ የቀረበ አንድ ተዋናይ አለ፤ ቱርካዊው ኪቫንች ታትሊቱግ። እ.ኤ.አ. በ2008 ኤምቢሲ ቴሌቪዥን በሶርያ ዓረብኛ ባቀረበው «ኑር» ሙሐነድ ነበር፤ በ2016 የተከፈተው ቃና ቴሌቪዥን ወደ አማርኛ በመለሰው «ኩዚ ጉኒ» ደግሞ ኩዚን ሆኖ መጣ። ሙሐነድ፣ ሞታለች ብሎ ላሰባት ፍቅረኛው በግልጽ ያዝናል፤ በኋላም ሚስቱን ያባብላል፣ የልብስ ዲዛይን ሥራዋን ይደግፋል። ኩዚ ግን የወንድሙን ጥፋት ተሸክሞ ታስሮ የወጣ ነው፤ ሐዘኑም ናፍቆቱም በቡጢ ይወጣል። መልኩ አንድ ነው፤ ስሜቱን የለያየው የደራሲው ብዕር ነው።

ብዙ ድራማዎች ግን ይህን ምርጫ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይዘውታል። ሴቷ ስታዝን ካሜራው ወደ ፊቷ ይጠጋል፣ ሙዚቃው ዝግ ይላል፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ እስኪወርድ ይጠበቃል። ወንዱ ሲከፋው ጀርባውን ያዞራል፤ ብርጭቆ ይሰበራል፣ የመኪና በር ይጠረቀማል። ሴቷም ብትሆን ዕዳ አለባት፦ የምትቆጣዋ ሴት አብዛኛውን ጊዜ ተንኮለኛዋ ናት፤ ደጓ ግን ተበድላም ታለቅሳለች እንጂ አትቆጣም።

«ተፈጥሯቸው ነው» የሚል ይኖራል። ነገር ግን ተመራማሪዎቹ አን ክሪንግና አልበርት ጎርደን እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት ወንዶችና ሴቶች ስሜት ቀስቃሽ ፊልሞች እንዲያዩ ተደረገ። የሴቶቹ ፊት ስሜታቸውን ይበልጥ አወጣ፤ ተሰማን ያሉት ስሜት ግን አልተለያየም። «የወንድ ልጅ እንባ ወደ ሆዱ ነው» የሚለው ባህላችንስ? በዚያው ባህል ለቅሶ ቤት ወንዱ በአደባባይ ደረቱን ይመታል፣ ያነባል። ስሜቱን የሚገልጽ ወንድን ተመልካች አይቀበለውም እንዳይባልም፣ የሳዑዲው ዋና ሙፍቲ «ኑር»ን ቢያወግዙትም የመጨረሻ ክፍሉን 85 ሚሊዮን ሰው እንዳየው ኤምቢሲ ገልጿል።

ነገሩ ከመዝናኛ ያልፋል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት ሸሽተው ተከዜን ተሻግረው ሐምዳይት የደረሱ፣ ከዚያም ገዳሪፍ ግዛት ውስጥ ኡም ራኩባ መጠለያ የገቡ ወንዶች ቤታቸውንና ዘመዳቸውን ትተው ነው የመጡት። እንዲህ ያለ ሰው በድራማ የሚያየው ወንድ ሁሉ ሐዘኑን በቁጣ ብቻ ሲወጣ፣ የራሱን ሐዘን ለቤተሰቡ መንገር እንደ ውርደት ሊቆጥረው ይችላል። ደራሲዎቻችን ካሜራውን የወንዱም ፊት ላይ ያቆዩት፤ ደጓ ሴትም ክፉ ሳትባል ትቆጣ።